ወንዶቹን የማያስገባው ሰርቨር

ይህ የሆነበትን ዓመት በልኩ ይዤዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። በነቀምቴ ዙሪያ፣ በጉቶ ጊዳ በቆሎው ደርሶ፣ በምሠራበት ሆስፒታል በር ላይ ሴቶች የተጠበሰ እሸት ይሸጡ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም ያን ሰሞን ሠራተኛው ሁሉ በየኮምፒውተሩ ፊት እሸት እየፈለፈለ ይተክዝ ነበር። መስከረም ነው ያለኝ ሰው አለ፣ ነሐሴ ነው ብሎ የተከራከረኝም አለ። እኔ አልከራከርም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ ስልካቸው ሲቆለፍባቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። «ጋሽ ታዬ፣ አንተ እኮ የኮምፒውተር ሰው ነህ» ይሉኛል። አይደለሁም። እኔ የጄኔሬተር ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተር መንገድ ላይ ያገኘኝ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ጎረቤት ስተርክ ከምውል አንዴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አባቴ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የቀሩ ሰው ነበሩ። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ ትምህርቴም እዚሁ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ሆስፒታሉ (ስሙን አላነሳም) የቀጠረኝ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳስነሳ ነበር። ጄኔሬተር ጆሮ ያስተምራል። ሞተሩ ሲታመም ድምፁ ትንሽ ይሰንፋል፤ ያንን ያልሰማ ሰው ጭሱን አይቶ ነው የሚደነግጠው። እኔም አብሬው ስውል መስማት ለመድኩ።

በኋላ ኮምፒውተር መጣ። ኬብል መጎተት የሚችል ሳይሆን ኮርኒስ ውስጥ ለመግባት የማይጸየፍ ሰው ጠፋ። «ታዬን ጥሩት» ተባለ። የነቀምቴውን ስንጨርስ በግምቢ፣ በአርጆና በሻምቡ ወዳሉት ክሊኒኮቻችን ሄድን። የአይጥ ጎጆ፣ የተርብ ቤት፣ አንድ ጊዜም አንድ የረሳ ግንበኛ የተወው መዶሻ፣ ሁሉንም ኮርኒስ ውስጥ አግኝቻለሁ። ደመወዜ በጥቂቱ ከፍ አለ፣ የማዕረጌ ስም ደጋግሞ ተለወጠ። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ኦቦ ዲሪባ ናቸው። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው የሰርቨሩ፣ የዋናው ማሽን፣ ኃላፊ ነበሩ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣሉ። እሳቸው እንግሊዝኛውን ያነቡልኛል፣ እኔ ኮርኒስ ውስጥ እገባላቸዋለሁ። እንዲያ እያልን ቀስ በቀስ ወደ ሰርቨሩ አቀረቡኝ።

«ያ ታዬ» (ታዬ ሆይ ማለታቸው ነው) አሉኝ አንድ ቀን፣ «ይህን እንደ በር ጠባቂ ቁጠረው። የሁላችን ስም ከነአባታችን ከነአያታችን እሱ ዘንድ ተመዝግቧል። ጠዋት ስትመጣ ስምህንና ፓስወርድህን ይጠይቅሃል። ከያዘው ጋር ከገጠመ ግባ ይልሃል። ካልገጠመ ይመልስሃል። ደጋግመህ ከተሳሳትክ ሌባ ነው ብሎ ይቆልፍብሃል። ሌላ ተንኮል የለውም።»

ኦቦ ዲሪባ ያልተጻፉ ሕጎች ነበሯቸው። አንደኛ፣ ኪቦርድ ከሰው እጅ አይነጥቁም። ሐኪምም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይቀመጣል፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጎን ይቆማሉ። ነጥቀህ ብትሠራለት ነገም ይጠራሃል፣ በዚያ ላይ ራሱን ይንቃል ይሉ ነበር። ሰው ፓስወርዱን ሲጽፍ ደግሞ ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞራሉ። ጎንበስ ብሎ ወደ ጣቱ የሚመለከት ሰው ካዩ ቆዳቸው ይቆጣል፤ የሰው ፓስወርድ ማየት ሳይጠሩ ጓዳ መግባት ነው ይሉ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ስለ ልጅና ስለ ከብት ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት «ማልቱ ጂጂረሜ?» ይላሉ። ምን ተቀየረ? ሰዉ ሁሉ «ኧረ ምንም» ይላል። እሳቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ።

እኔ ያንን ጥያቄ በልቤ ያኖርኩት በመከራ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ መመሪያ ወረደ፤ ፓስወርድ ዕድሜ ይኑረው፣ ያረጀው ይሙት የሚል። ሁላችንም ዕድሜው የሚቆጠረው መመሪያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ መሰለን። ሰርቨሩ ግን የቆጠረው ሰውየው ፓስወርዱን ለመጨረሻ ጊዜ ከለወጠበት ቀን ነበር። ለዓመታት ያልለወጠ ሁሉ በአንድ ጠዋት ደጅ ቀረ። ለሰው ችግር የለውም፤ «አዲስ አምጣ» ሲባል አዲስ ያመጣል። የላብራቶሪው ማሽን ግን ሰርቨሩ ላይ የራሱ ስም ነበረው፣ በዚያ ስም እየገባ ነበር የደም ውጤት ወደ ሐኪሞቹ የሚልከው። «አዲስ አምጣ» ሲባል ማን ያንብብለት?

ውጤት መምጣት አቆመ። እኔ ወደ ኬብሉ ሮጥኩ። ጫፉን ቆርጬ አዲስ ገጠምኩ፣ አልሆነም፣ ሙሉውን ቀየርኩ፣ አሁንም አልሆነም። ኦቦ ዲሪባ ከአርጆ ተመልሰው «ምን ተቀየረ?» እስኪሉ ድረስ ጠዋቱ አለቀ። ያን ጠዋት ሚስቱን ይዞ ከሩቅ፣ ከኪራሙ የመጣ ገበሬ ነበር። ያኔ መንገዱ ደህና ነው፣ ሰው ይመላለሳል። መኪናው ሊሄድበት ሆነና ውጤቱን ሳይዝ ሚስቱን አስነሥቶ ሄደ። በሩ ላይ አግኝቼው «ትንሽ ጠብቁ» ብዬ ነበር። «ጠበቅን እኮ፣ አባቴ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። ውጤቱ ሲወጣ የሚወስደው አልነበረም። የወረዳውን ሰው ብንጠይቅም አላገኘናቸውም። ከዚያ ወዲህ ማሽን በቆመ ቁጥር ያ «ጠበቅን እኮ» ጆሮዬ ላይ አለ። ኦቦ ዲሪባ አልወቀሱኝም። «ስም ያለው ሁሉ ሰው አይደለም ታዬ፣ ይህን ከዛሬ ጀምረን እናስብ» ብቻ አሉ።

እንግዲህ ወደ እሸቱ ሰሞን ልመለስ።

ሌላ መመሪያ መጣ። ፓስወርድ ረጅም ይሁን፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይቀላቀልበት። የአስተዳደር ኃላፊያችን አቶ ፍስሐ፣ ሸዌ ናቸው፣ ቸኩለው የሚናገሩ ግን ክፋት የሌለባቸው ሰው፣ ሠራተኛውን ሰብስበው አስረዱ። «ቀላል ነው» አሉ፣ «በሕይወታችሁ የማትረሱትን ሰው ስም ከነአባቱ ጻፉ። ከኋላው ቁጥርና ምልክት ጨምሩበት። አለቀ።» ጥሩ ምክር ነበር። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

በማግስቱ ግርግር ሆነ። ነርሶቹ ይገባሉ፣ የጽዳት ኃላፊዋ ትገባለች፣ የፋርማሲዋ ልጅ ትገባለች። ወንዶቹ አይገቡም። አዲሱን ፓስወርድ ሲጽፉ ሰርቨሩ «መስፈርቱን አያሟላም» እያለ ይመልስባቸዋል። ርዝመቱም አለ፣ ቁጥሩም አለ፣ ምልክቱም አለ። ምን ጎደለ ቢሉት አይናገርም። ሲስተር ሙሉ፣ አንደበቷ የማያርፍ ነርስ፣ በኮሪደሩ መሀል ቆማ ትስቃለች።

«ሰርቨሩ ሴት ወዳድ ሆኗል! ወንድ አላስገባም አለ!»

«ሲስተር፣ እባክሽ በአንቺ ስም አስገቢኝ» ይላታል የኤክስሬዩ ሰው።

«ቀሚስ ለብሰህ ና፣ ያኔ እናስብበታለን።»

በመጨረሻ አንዳንዱ ወንድ ሴቶቹ በከፈቱት ኮምፒውተር ላይ መሥራት ጀመረ። ለለቅሶ የሄደን ባልደረባ መሸፈን የለመደ ሰው፣ ለፓስወርድ ሲሆን ምን ይለየዋል? ስለዚህ የወንዶቹ ጉዳይ ተድበሰበሰ። ያልተድበሰበሰው የአንዲት ሴት ጉዳይ ነው።

አዴ ዳሚቱ (አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው) በካርድ ክፍል የመጀመሪያው መስኮት ላይ ነበረች። የታመመ ሰው ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ከወረቀት ካርድ ዘመን ጀምራ ነው እዚያ መስኮት ላይ ያለችው፤ ካርዱ የጠፋበትን ሰው ፊቱን አይታ የአባቱን ስም ትነግረዋለች። ኮምፒውተሩን ዘግይታ ተማረች፣ ቀስ ብላ ግን አጥርታ። ከሴቶቹ ሁሉ ሰርቨሩ የመለሰው እሷን ብቻ ነበር።

ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ እያልኩ እሄዳለሁ። «አካም ቡልቴ፣ አዴ ዳሚቱ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ጋሽ ታዬ። ዛሬም ቆለፈብኝ።»

እከፍትላታለሁ። ጊዜያዊ ፓስወርድ እሰጣታለሁ፤ በእሱ ስትገባ «አሁን የራስሽን አምጪ» ይላታል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። የጣቷን ኮቴ እሰማለሁ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ይመልሳታል። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ምልክቱን ትለውጣለች፣ ቁጥሩን ትለውጣለች፤ ያው ነው። ከመስኮቱ ውጭ ሰልፉ ይረዝማል።

አቶ ፍስሐ መጡ። ሰልፉን አዩ። ወደ ቢሯቸው ጠሯት፣ እኔም ቆሜ ነበር።

«ወይዘሮ ዳሚቱ፣ አልጨቅንሽም። ግን ሴቶቹ በሙሉ ገብተዋል። ወንዶቹ ቸልተኛ ሆነው ነው። አንቺ ግን በየቀኑ እየሞከርሽ ነው ያልቻልሽው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልሆነልሽ ወደ ልብስ ማጠቢያው መጋዘን ትዛወሪያለሽ። እዚያ ኮምፒውተር የለም፣ ታርፊያለሽ።»

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኳት።

«ጣቴ ነው» አለችኝ፣ እጇን ዘርግታ እያየች። «አርጅቷል መሰለኝ። የምጽፈውን አውቀዋለሁ፣ ጣቴ ግን ሌላ ይጽፋል። እኔ ካርድ ክፍልን ትቼ ሰሃራ ብወርድ ይሻለኛል ጋሽ ታዬ። እዚያ መስኮት ላይ እኮ ነው ያረጀሁት።»

ኦቦ ዲሪባ ያን ሳምንት ለዚሁ መመሪያ ግምቢ ነበሩ። ደወልኩላቸው። የልጆቼን ደህንነት ጠየቁኝ፣ የዝናቡን ጠየቁኝ፣ ከዚያ ጥያቄያቸው መጣ።

«ምን ተቀየረ?»

«መመሪያው።»

«እሱን እናውቃለን። አንተስ ገባህ?»

«ገብቻለሁ።»

«ወንድ አይደለህም እንዴ?»

እውነት ነው፣ እኔ ገብቻለሁ። እኔ ግን የማልረሳው ሰው ስም ሳይሆን ጄኔሬተሩ ሆድ ላይ የተቀረጸውን የሞዴል ጽሑፍ ነበር የጻፍኩት። አሁን ጄኔሬተሩም ተሸጧል፣ ፓስወርዱም ተለውጧል፤ ብናገር አልሰረቅም።

«እንግዲያው» አሉኝ ኦቦ ዲሪባ፣ «በሽታውን በራስህ ላይ ሞክረው። እነሱ የተባሉትን አንተም ልክ እንደተባለው አድርግ።»

ተቀመጥኩ። የማልረሳው ሰው ማን ነው? ትልቋ ልጄ ናት። ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩ፤ አባቷ እኔ ነኝ። ቁጥር፣ ምልክት። መለሰኝ። ቁጥሩን ለወጥኩ፣ መለሰኝ። ትንሹን ልጄን ጻፍኩ፣ መለሰኝ። እንዲያው በንዴት የጎረቤቴን የጫማ ሠሪውን ልጅ ስም ከነአባቱ ጻፍኩ።

ተቀበለኝ።

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፍኩ። ልጄን መልሶ የሰው ልጅ ተቀበለ። እንደገና ደወልኩ። ነገሩን ስነግራቸው ኦቦ ዲሪባ በስልኩ ውስጥ ሲስቁ ሰማኋቸው።

«ያ ራቢ! የፈጣሪ ያለህ! ታዬ፣ ልጅህ የማንን ስም ነው የያዘችው?»

«የእኔን።»

«አየህ? የመመሪያውን እንግሊዝኛ እኔ ራሴ አንብቤ አልፌዋለሁ። ፓስወርዱ ውስጥ የባለቤቱ ስም አይግባ ይላል። ሰርቨሩ ደግሞ የያዘው ስምህን ብቻ አይደለም፤ የአባትህንም የአያትህንም ነው። አባት የሆነ ሁሉ ልጁን ከነአባቱ ሲጽፍ ራሱን ነው የሚጽፈው።»

ሴቶቹስ? ሴቶቹ ልጆቻቸውን ጻፉ፤ ልጆቻቸው ግን የባሎቻቸውን ስም ነው የሚይዙት። የእናትየው ስም በውስጡ የለም። ስለዚህ አለፉ። ሴት ወዳድም፣ ምንም አልነበረም።

«ታዲያ አዴ ዳሚቱስ?» አልኩ።

«ጠይቃት። ግን ታዬ፣ ቃሉን አትጠይቅ። ዝምድናውን ብቻ ጠይቅ።»

ወደ መስኮቷ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ሰልፉ ተበትኗል፤ እሷ ግን ወንበሯን አልለቀቀችም።

«አዴ ዳሚቱ፣ ፓስወርድሽን እንዳትነግሪኝ። አንድ ነገር ብቻ። የጻፍሽው ሰው ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«በአባት?»

«በአባትም በእናትም። ምነው?» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከሁለት አንዳችን ነበር መማር የምንችለው። እሱ ነው ትቶልኝ የቀረው። አሁን ጉቶ ጊዳ ያርሳል። የማትረሱት ሰው ሲሉ እኔ ማንን ልጽፍ ኖሯል? ልጅ አልወለድኩ።»

«ልክ ጽፈሻል» አልኳት። «ጣትሽም ልክ ጽፏል። ሁልጊዜም ልክ ነበር። የወንድምሽ አባት ያንቺም አባት ስለሆነ ነው የመለሰሽ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እጇን አነሣች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ገለባበጠቻቸው፣ እንደ አዲስ ዕቃ። ከዚያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እኔም እንደ ልማዴ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከአዴ ዳሚቱ ጋር ሆነን ለአቶ ፍስሐ ስንነግራቸው በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

«ታዲያ እኔም የልጄን ስም ጽፌ እኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጸሐፊዬ ናት በስሟ የምታስገባኝ። ለሰው መናገር አፍሬ ነበር።» ራሳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው አዴ ዳሚቱን ይቅርታ ጠየቋት። «የመጋዘኑን ነገር እርሺው። ጋሽ ታዬ፣ አርብ ለሠራተኛው ሁሉ አንተ ታስረዳለህ።»

ይኼኔ ነው እኔን ጭንቅ የያዘኝ። ኮርኒስ ውስጥ መግባት ሌላ፣ በሐኪሞች ፊት መቆም ሌላ። መመሪያውን መለወጥ አንችልም፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ነው። አርብ ሰዉ ካልገባው ሰኞ በየመስኮቱ ሰልፍ ነው፣ ከሰልፉ ውስጥም አንድ የኪራሙ ሰው አይጠፋም። ኦቦ ዲሪባ ግምቢ ናቸው።

አርብ አዳራሹ ውስጥ በሠራተኛው ፊት ቆምኩ። «ሰርቨሩ... ስማችንን ሲያይ...» አልኩ። «የስሙ ክፍል ከፓስወርዱ ክፍል ጋር...» አንዱ ሐኪም «የትኛው ክፍል?» አለ። ሌላው «የልጄ ስም የእኔ ስም ነው እንዴ?» አለ። ሌላው በኦሮምኛ ጠየቀ፣ ሲስተር ሙሉ በአማርኛ መለሰችለት፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራ ጀመር። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት፤ አንድም የሚረዳኝ ነገር አልነበረበትም።

ከኋላ ወንበር አዴ ዳሚቱ ተነሣች። ማንም አልጠራትም።

«ስሙኝማ!» አለች፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላም በአማርኛ። «ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ሽማግሌ ሚስት ሊጠይቅልህ ሲሄድ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»

«ዘር ይቆጥራል!» አለ አንዱ።

«ይቆጥራል! የአንተ አባት ማን፣ የሷ አባት ማን ብሎ። ዘመድ ሆና ከተገኘች?»

«አይሆንም ይላል።»

«ሰርቨሩም እንዲሁ ነው። አንተንና ፓስወርድህን የሚያጋባ ሽማግሌ ነው። እሱ ሰባት ቤት እንኳ አይቆጥርም፤ ሦስት ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ያንተን ስም፣ የአባትህን፣ የአያትህን። ልጅህን ብታመጣበት ዘመድህ ናት። ወንድምህን ብታመጣበት ዘመድህ ነው። አላጋባም ይላል! ባዳ አምጡለት፣ ወዲያው ይመርቃችኋል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የኤክስሬዩ ሰው ከመሀል ጮኸ፤ «አዴ፣ እኔ የማልዛመደው ሰው ነቀምቴ ውስጥ ከየት ላምጣ?»

«ሰው ካጣህ በሬህን ጻፍ!» አለችው። «ማን እንደሆነ ግን ለማንም እንዳትነግር። ሙሽራ ሳትገባ አትታይም።»

የቀረውን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሐኪሞቹ ተነሥተው ወደ ኮምፒውተራቸው ሄዱ፤ እኔም በየወንበሩ ጎን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ አንድ በአንድ ገቡ። ሰኞ ጠዋት በካርድ ክፍሉ የመጀመሪያ መስኮት ላይ ሰልፉ አጭር ነበር።

ኦቦ ዲሪባ ሲመለሱ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ መመሪያ በወረደ ቁጥር መጀመሪያ ካርድ ክፍል ሄደው እንዲህ ቢባል ሰው ምን ያደርጋል ብለው ይጠይቁ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በቀረው ዘመኔ ሁሉ አመሰግናቸዋለሁ። ያን አርብ ግን ከዚያ አዳራሽ ቀና ብዬ እንድወጣ የረዳችኝ አዴ ዳሚቱ ቶለሳ ናት።